ከእኛ ቤት አልተገዛም

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ሚኒባስ በገመድ ተጎትቶ ጋራዡ በር ላይ ሲቆም ወሰንየለሽ ታርጋውን ሳታይ አወቀችው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሞተሩን አውርዳ፣ ፈታትታ፣ መልሳ ገጥማ፣ የመጨረሻዋን ብሎን በራሷ እጅ አጥብቃ ለባለቤቱ ያስረከበችው መኪና ነው። ያን ቀን ታጥቦ ያብረቀርቅ ነበር። አሁን የፊት መስታወቱ የለም፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ በሹፌሩ ወንበር ላይ ያለው ጠቆር ያለ እድፍ ደግሞ ዘይት አይደለም።

«ከፍቼ ከተማ ሲመለስ ነው» አለ ጎትቶ ያመጣው ሰው ገመዱን እየፈታ። «ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ድርቅ ብሎ ቀረ። መሪው አልታዘዝ አለው፤ ቦይ ውስጥ ገባ።»

«ተሳፋሪዎቹስ?»

«ተጫጭረው ተረፉ። ሹፌሩ ግን እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል።»

ሹፌሩ ጋሽ ኃይለ ማርያም ናቸው። ሃያ ዓመት የሰው መኪና ሲነዱ ኖረው ይቺን አሮጌ ሚኒባስ የራሳቸው ካደረጉ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ወሰንየለሽ እጇን በጨርቅ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች። ጨርቁ ከእጇ የባሰ እንደቆሸሸ ልብ አላለችም።

ጋራዡ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ ጥቂት ወረድ ብሎ ያለ ግቢ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ቦጋለ ይባላሉ፤ ከሰባቱ መካኒኮቻቸው መካከል ሴት እሷ ብቻ ናት። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥታ ሥራ ስትለምናቸው «እስቲ ጎማ እየፈታች ትቆይ» ብለው ነበር የተቀበሏት። በስድስት ዓመት ውስጥ ግን ደንበኛው ሁሉ «ልጅቷ ትስማው» ማለት ለመደ። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ከላይ የሚመጣ ፈጣን ኳኳታ ከሆነ ጊዜ ይሰጣል፤ ከሥር የሚመጣ ከባድ ዱብ ዱብታ ከሆነ መኪናው እዚያው መቆም አለበት። ተሳስታ አታውቅም ማለት አይቻልም። የተሳሳተችባቸውን ቀኖች ግን አንድ በአንድ ታስታውሳለች።

በማግስቱ የጋሽ ኃይለ ማርያም ሚስት እትዬ ታንጉት መጡ። አትክልት ተራ ሽንኩርት ይሸጣሉ፤ የሥራ ሽርጣቸውን እንኳ አላወለቁም። አልጮኹም።

«ልጄ» አሉ፣ «ያን ቀን ሲረከብሽ ‹እሷ ከነካችው ጎንደር ድረስ ብነዳው አልፈራም› ብሎኝ ነበር። ምንድን ነው ያጎደልሽው? ልወቀው ብዬ ነው።»

«ገና አልከፈትኩትም፣ እትዬ ታንጉት። ከፍቼ እነግርዎታለሁ። የእኔ ጥፋት ቢሆንም እነግርዎታለሁ።»

«እሺ፣ ንገሪኝ» ብለው ወጡ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

*

በዚያ ሳምንት ወሰንየለሽ ልትደገፍበት ያሰበችው አንድ ሰው ነበራት፤ በፍቃዱ።

በፍቃዱ የእትዬ ሐመልማል ልጅ ነው። ሶማሌ ተራ ውስጥ እትዬ ሐመልማልን የማያውቅ የለም። ባለ አንድ ፎቅ የመለዋወጫ ሱቅ አላቸው፤ ጋሽ ቦጋለ ተከራይተው የሚሠሩበት ግቢም የሳቸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በፍቃዱ መኪናው እየጋለ አስቸግሮት መጣ። ሁለት ጋራዥ አይተውት ሁለቱም ቴስታው ተቃጥሏል፣ የሞተሩ ራስ መውረድ አለበት ብለውታል። ወሰንየለሽ የዘይቱን መለኪያ መዝዛ አየች። ውሃ የገባበት ዘይት ሻይ በወተት ይመስላል፤ ይሄኛው ንጹሕ ነው። ጭሱን አየች፤ ነጭ አይደለም። ከዚያ ሞተሩን አስነስታ እጇን አጣምራ ቆመች።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አላት።

«የራዲያተሩን ፋን። ይሄኔ መዞር ነበረበት፤ አልዞረም።»

የተቃጠለች አንዲት ፊውዝ ነበረች። በአሥር ደቂቃ ቀየረችው። በፍቃዱ ግን ሥራው ካለቀም በኋላ ቆሞ ቀረ። በሳምንቱ ተመልሶ «ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት አጥቷል» አለ። ኮፈኑን ስትከፍት አንዱ የካንዴላ ገመድ ተነቅሏል፤ አቧራው ላይ የሰው ጣት ምልክት በግልጽ ይታያል።

«ይሄ በራሱ አይነቀልም» አለችው።

«አይነቀልም» አለ በፍቃዱ፣ ቀና ብሎ እያያት። ቀድማ ያቀረቀረችው እሷ ናት።

እጇ ሁልጊዜ ዘይት ስለሆነ ቀን ቀን ስልክ አታነሳም። ስለዚህ በወረቀት ይጽፍላት ጀመር። ምሳ ሰዓት ላይ እጇን በሳሙናና በሰጋቱራ ፈትጋ ግድግዳ ጥግ ቁጭ ብላ ታነባለች። «ዛሬ ቢጫ ሻርፕ አስረሽ በሱቁ በር አለፍሽ። ሰውየው የዘይት ማጣሪያ ጠይቆኝ ካንዴላ ሰጠሁት» ይላል አንዱ። እንዲህ ዓይነት ወረቀት በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ አላት።

እናትየው ሲሰሙ «ጥፍሯ ሥር ዘይት ያለባት ሙሽራ በኔ በር አትገባም» አሉ። ይህን የነገራት ራሱ በፍቃዱ ነው፣ እየሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ጊዜ ስጪኝ» አላት። ሰጠችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጀርባው ስትሄድ፣ ሰው ፊት ሲያገኛት እንደማያውቃት ሲያልፋት፣ ጊዜ ስትሰጠው ኖረች። በየምሽቱ ጥፍሯን በመርፌ ጫፍ የምታጸዳው ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

*

ሐሙስ ዕለት ሞተሩን አወረደች። ጋሽ ቦጋለ ሥራቸውን ትተው አጠገቧ ቆሙ።

መጀመሪያ ዘይቱን ቀዳች። ሙሉ ነው፣ አልጎደለም። የዘይት ፓምፑን ፈታች፤ ደህና ነው። መተላለፊያዎቹን በአየር ነፋች፤ አልተደፈኑም። በየደረጃው የራሷን ጥፋት ነበር የምትፈልገው። ብሎኖቹን የጠበቁበትን ልክ አንድ በአንድ ለካች፤ ልክ ናቸው። ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ላይ ስታፈሰው ግን ጨርቁ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ብናኝ ቀረ።

ከዚያ ብሮንዚናዎቹን አወጣች። ብሮንዚና የሞተሩ ዘንግ ሲሽከረከር ብረት ከብረት እንዳይፋጭ በመሀል የሚገባ፣ እንደ ግማሽ ቀለበት የታጠፈ ስስ ብረት ነው። ፊቱ በለስላሳ ማዕድን የተለበጠ መሆን አለበት። የነዚህ ልባጥ እንደ ርካሽ ቀለም ተልጦ ከሥሩ ተራ ብረት አፍጥጧል። ከመደርደሪያ አንድ ያገለገለ የድሮ ብሮንዚና አምጥታ በምላጭ ፋቀችው፤ ምላጩ ጫረው እንጂ አልላጠውም። ከሦስት ሳምንት በፊት የገጠመችውን አዲሱን ስትፍቀው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተነሳ።

«ፎርጅድ ነው» አሉ ጋሽ ቦጋለ ቀስ ብለው። «ከየት ነው ያመጣሽው?»

በፍቃዱ ነው በገዛ እጁ ያመጣላት። «ዋናው ነው፤ ላንቺ ብዬ ደብቄ ያቆየሁት» ብሎ፣ ሳጥኑን ሲያቀብላት ጣቷን ያዝ አድርጎ። ደረሰኝ አልጠየቀችም። ከሱ ደረሰኝ መጠየቅ አሳፍሯት ነበር።

«ከነእትዬ ሐመልማል» አለች።

ጋሽ ቦጋለ ዓይናቸውን ከብረቱ ላይ አንሥተው ግቢውን፣ ጣሪያውን፣ አጥሩን አዩ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ግቢው የማን እንደሆነ ወሰንየለሽ ያኔ ትዝ አላት።

*

አርብ ዕለት ሱቁ ገብታ ደንበኞቹ እስኪወጡ በሩ አጠገብ ቆመች። በፍቃዱ ሲያያት ፊቱ በራ። ብሮንዚናውን ባለ መስታወቱ ባንኮኒ ላይ አስቀመጠችለት። ብረቱን አየ፤ ቀና ብሎ እሷን ማየት ግን አቃተው። ሳትጠይቀው አወቀች።

«ታውቅ ነበር» አለች።

«ወሰኔ፣ ቀስ በይ። ከግንቦት ጀምሮ የገባው ዕቃ ሁሉ እንደዚህ ነው። እማዬ ናት ፎቅ ላይ በዋናው ዕቃ ካርቶን የምታሳሽገው። ያን ቀን ሌላ አልነበረኝም። ባዶ እጄን ልመጣብሽ አልፈለግኩም።»

«ባዶ እጅህን ብትመጣ ከሌላ ሱቅ እገዛ ነበር።»

 በፍቃዱ በመስታወቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገ ነገሩን የሚያዩት የሰፈር ሽማግሌዎች ጋራዡ ይመጣሉ አይደል? ሞተሩ ዘይት አልነበረውም በይ። ሹፌሩ ሳያይ ነድቶ ነው በይ። ይሄ በየቀኑ የሚደርስ ነገር ነው፤ ማንም አይጠረጥርም። እማዬ ደግሞ...» ትንፋሹን ሳበ። «ይሄ ነገር በሰላም ካለቀ በሚመጣው እሑድ አጎትሽ ቤት ሽማግሌ እልካለሁ ብላለች። በገዛ አፏ።»

ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ታያት፤ የአጎቷ ሳሎን፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ስትሰማ። በዚያች አፍታ አፏ «እሺ» ሊል ምንም አልቀረውም ነበር። በኋላ ራሷን ይቅር ለማለት ያስቸገራት እሱ ነው።

«ጋሽ ኃይለ ማርያም እግራቸው ውስጥ ብረት ገብቶላቸው ተኝተዋል» አለች። «ሄደህ አይተሃቸዋል?»

«አላየሁም።»

«ዘይቱ ሙሉ ነበር፣ በፍቃዱ። በእጄ ነው የቀዳሁት።»

«ለኔ ብለሽ።»

«አንተ ለኔ ብለህ እውነቱን ተናገር። ዕቃውን ከኛ ቤት ነው የወሰደችው በል፤ ሌላ ምንም አልጠይቅህም። እናትህ ቢጠሉኝም፣ ከዚህ ሰፈር ቢያባርሩህም፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን አብሬህ እኖራለሁ።»

ዘይት የነካ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። በሩ ክፍት ነው፣ መንገዱ ሰው በሰው ነው፤ እጇን ሰው ፊት ሲይዛት የመጀመሪያው ነው። «እናገራለሁ» አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ወሰንየለሽ አመነችው፤ ወደ ጋራዡ ስትመለስ እግሯ መሬት የሚነካ አልመሰላትም።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ወጥቶ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከመካሰስ በፊት ነገሩ በሰፈር ሰው ይታይ ተብሎ ነው። እትዬ ታንጉት በአንድ በኩል ብቻቸውን ተቀምጠዋል። በሌላው በኩል እትዬ ሐመልማል፣ ጥቁር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው፣ ከጎናቸው በፍቃዱ።

ወሰንየለሽ የተለጠውን ብሮንዚናና ነጩን ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግታ ያገኘችውን ሁሉ ተናገረች። ዘይቱ ሙሉ እንደነበር፣ ፓምፑ እንደሚሠራ፣ ልባጡ እንዴት እንደተላጠና ዘንጉን እንዴት እንደቆለፈው። ስትናገር እትዬ ታንጉትን ነበር የምታየው።

«ዕቃውን ከየት ገዛሽው?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ከእትዬ ሐመልማል ሱቅ።»

እትዬ ሐመልማል አልተቆጡም። «ደረሰኝ አላት?» አሉ ረጋ ብለው።

«ደረሰኝ የለኝም።»

«እንግዲህ ሱቁን የሚይዘው ልጄ ነው። እኔ ምን አውቄ። እሱ ይናገር።»

ሁሉም ወደ በፍቃዱ ዞረ። ወሰንየለሽም አየችው፤ በዓይኗ ልትደግፈው፣ «ይኸው አለሁ» ልትለው። በፍቃዱ ተነሣ። አፉን ከፈተ። አንዴ እናቱን አየ፣ ከዚያ የጫማውን ጫፍ።

«ከእኛ ቤት አልተገዛም» አለ።

አጎንብሶ ተቀመጠ። ጋሽ ቦጋለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሰው ሁሉ ይናገራሉ ብሎ ጠበቀ፤ አልተናገሩም። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ልጅቷ ገና ናት፣ እጅ ይስታል፣ ዕቃውንም ከማይታወቅ ቦታ ነው ያመጣችው፣ ጥፋቱ የእሷ ነው አሉ።  ሰው እየተነሣ ሲበተን ወሰንየለሽ ብሮንዚናውን ከመሬት አንሥታ በጨርቁ ጠቀለለችው። አእምሮዋ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትናንት እጇን የያዘባት ሰዓት። ያኔም እየዋሸ ነበር ወይስ ያኔ እውነቱን ነበር? የትኛው እንደሚብስ ማወቅ አቃታት።

*

ሰኞ ጋሽ ቦጋለ ፊቷን ሳያዩ አሰናበቷት። «ግቢው የኔ አይደለም፣ ልጄ» አሏት፤ ሌላ አልጨመሩም። መሣሪያዋን ስትሰበስብ ሳጥኑ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘች።

«ወሰኔ፣ ልናገር ተነሥቼ ነበር። እናቴን ሳያት ግን ሌላ ቃል ከአፌ ወጣ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገችኝ በዚያ ሱቅ ነው። እሷ ብትታሰር ማን አላት? አንቺ ወጣት ነሽ፣ ሙያ አለሽ፣ የትም ሄደሽ ትሠሪያለሽ። እኔ የመረጥኩት እናቴን እንጂ ውሸትን አይደለም። ጠብቂኝ። ያንቺው በፍቃዱ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሦስቱንም ጊዜ ቆማ የቀረችው «የትም ሄደሽ ትሠሪያለሽ» የሚለው ላይ ነው። ስንት ሌሊት አስቦበት ነው የእሷ ስም ከእናቱ ስም የረከሰ መሆኑን የደረሰበት?

የትም አልሠራችም። አምስት ጋራዥ ሄደች፤ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። አንዱ «ያቺ ሰው ያስገለበጠችው» ብሎ ከጀርባዋ ሲያንሾካሹክ ሰማች። አንድ ወር ያህል ቤት ተቀመጠች። ጥፍሯ ነጣ፤ ንጣቱን ባየች ቁጥር ሆድ ይብሳታል።

አንድ ቀን እትዬ ታንጉት ቤቷን ጠያይቀው መጡ። ከበሩ ሳያልፉ፣ «ያን ቀን ሁላችሁንም እያየሁ ነበር» አሉ። «አንቺ ስትናገሪ እኔን አየሽ። እሱ ሲናገር ጫማውን አየ። ለሽማግሌዎቹ ይሄ ማስረጃ አይሆንም፤ ለኔ ግን ይበቃኛል። ሞተሩን መልሰሽ ትገጥሚልናለሽ?»

ሚኒባሱ ምን አለሽ ተራ ጀርባ፣ ባልና ሚስቱ በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ በድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ ሰዎች መዶሻ ይሰማል። ወሰንየለሽ ዘንጉን ብረት ቀራጮች ጋ፣ ተርነሪ ቤት ወስዳ አስለሰለሰች። ብሮንዚናውን ለመግዛት ሱቅ ለሱቅ ምላጭ ይዛ ዞረች፤ ካልፋቅሁ አልገዛም ስትል አባረሯት፣ ሌላው ጋ ሄደች። የሠራችበትን ዋጋ አልጠየቀችም። ጋሽ ኃይለ ማርያም ከሆስፒታል ወጥተው ክራንቻቸውን ተደግፈው በር ላይ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ ስለ ፍቼ መንገድ፣ ስለ ድሮ መኪናዎች ያወሯታል። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንሥተው አያውቁም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ሞተሩ ተገጥሞ ሊነሣ ባለበት ቀን፣ በፍቃዱ ግቢው ውስጥ ገባ። እትዬ ታንጉት ገበያ ናቸው። ከስቷል። ጢሙን አልተላጨም።

«አንድ ነገር ልንገርሽና እሄዳለሁ» አለ። «እማዬ አጭታልኛለች። ዱባይ ተራ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ልጅ ናት። ለጥር ነው። አንድ ቃል ተናገሪኝ፤ ‹ተው› በይኝ፤ ሁሉንም ትቼ እመጣለሁ።»

እሱን አለመውደድ ብትችል እንዴት ደስ ባላት። ድምፁን ስትሰማ ግን ዛሬም ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ወደሱ ያዘነብላል፤ ለዚህ ራሷን ጠላች።

«እዚያ በር ላይ የተቀመጡት ጋሽ ኃይለ ማርያም ናቸው» አለችው። «ፊትህን አያውቁትም። ሽማግሌ የለም፣ እናትህ የሉም፣ የሚሰማ የለም። ሄደህ ንገራቸው። ከዚያ ተመልሰህ የጠየቅከኝን ጠይቀኝ።»

በፍቃዱ ዞረ። ወደ ጋሽ ኃይለ ማርያም አመራ። እሷ በእጇ የያዘችውን መፍቻ አጥብቃ ይዛ ከኋላው ታየዋለች። አሮጌው ሰው ፊት ሲደርስ ቆመ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አባት።»

«አብሮ ይስጥልን። ናማ፣ ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ኃይለ ማርያም፤ ክራንቻቸውን ሰብስበው አግዳሚው ላይ ቦታ ሊለቁለት ጠጋ አሉ።

በፍቃዱ ክራንቻውን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ወሰንየለሽ በልቧ ቆጠረች፤ አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል፣ ከዚህ በላይ አይፈጅም። ይቅር ልትለው ዝግጁ ነበረች። ከዚያ በላይም ዝግጁ ነበረች።

«እግዚአብሔር ይማርዎት» አለ በፍቃዱ፤ በሩን አልፎ ወጣ።

ኮቴው በመዶሻው ጩኸት ውስጥ ወዲያው ጠፋ። እሷ ግን በሩን ማየት አላቆመችም።

«ማነው እሱ ልጅ?» አሉ ጋሽ ኃይለ ማርያም። «የሆነ ነገር ሊነግረኝ ፈልጎ የተወው መሰለኝ።»

«እኔም መስሎኝ ነበር» አለች ወሰንየለሽ።

መፍቻውን አስቀምጣ ሹፌሩ ወንበር ላይ ወጣች፤ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አጉረመረመና ተነሣ። የዘይቱ ቀይ መብራት ጠፋ። ወርዳ ካቻቢቴውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ ከላይም ከሥርም ሰማች። አንድም የማይገባ ድምፅ የለም። ጉንጯ ላይ የሚወርደውን በክንዷ ጠረገችው፤ ዘይቱ ፊቷ ላይ ተዘረጋ።

ጋሽ ኃይለ ማርያም በክራንቻቸው እየተንገዳገዱ መጥተው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «አይዞሽ፣ ልጄ። ተነሣ እኮ። ከእንግዲህ ሰው ሁሉ ይመጣልሻል» አሉ።

የደስታ እንባ መሰላቸው። ወሰንየለሽም አላረመቻቸውም።